ከጎንደር ተነስቶ በነገረ መለኮት ሁለተኛ ዲግሪ፦ የትኛው መንገድ ለማን?

ጎንደር ላይ ሆኖ በነገረ መለኮት ሁለተኛ ዲግሪ ልማር የሚል ሰው መካሪ አያጣም። አንዱ «አዲስ አበባ ሂድና ማስተርስህን ያዝ» ይለዋል። ሌላው «የአብነት ትምህርት የሚሰጥበት ጉባኤ ቤት ደጅህ ላይ እያለ ዲግሪ ምን ያደርግልሃል?» ይለዋል። ሦስተኛው ስልኩን አውጥቶ፣ ከቤት ሳይወጡ በወራት ውስጥ ዶክተር እንደሚያደርግ የሚናገር ማስታወቂያ ያሳየዋል። ሁሉም በቅንነት ነው የሚመክሩት። ግን አንዱ የሚያስበው ደመወዝን፣ አንዱ ሊቅነትን፣ አንዱ ማዕረግን ነው።

ይህን የጻፍኩት የመጀመሪያ ዲግሪ ላላቸው ዲያቆናት፣ ቀሳውስትና የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራን፣ እንዲሁም ለወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት አገልጋዮች ነው። የማንንም ኮሌጅ ስም ላወድስ አልተነሳሁም። መመዘኛውን አስቀድሜ እያንዳንዱን መንገድ በእሱ አያለሁ። አቋሜንም ከወዲሁ ልናገር። ዲግሪ የሚመረጠው ከምርቃት በኋላ የምትቆሙበትን ቦታ አይቶ ነው። የት እንደምትቆሙ ሳታውቁ ፎርም አትሙሉ።

መጀመሪያ የዲግሪዎቹን ስም እንለይ

ብዙ ሰው ገንዘብና ጊዜ የሚያባክነው እዚህ ጋ ነው።

ማስተር ኦፍ ዲቪኒቲ፣ በአጭሩ ኤም ዲቭ፣ ለአገልግሎት የሚያዘጋጅ ዲግሪ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ፣ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ፣ ዶግማ፣ ስብከት፣ የእረኝነት ምክር እና የመስክ ልምምድ አብረው ይሰጡበታል። አሜሪካ ውስጥ ብዙውን ጊዜ 3 ዓመት ይፈጃል። የሰሜን አሜሪካ የነገረ መለኮት ትምህርት ቤቶች ማኅበር (በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ATS) ቢያንስ 72 ክሬዲት እንዲኖረው ይጠይቃል። በነገረ መለኮት የመጀመሪያ ዲግሪ መያዝ ግዴታ ስላልሆነ በአካውንቲንግ ወይም በነርስነት የተመረቀ ሰውም ይገባበታል።

ኤም ኤ፣ ማለትም ማስተር ኦፍ አርትስ፣ ከዚህ ያጥራል። አብዛኛውን ጊዜ 2 ዓመት ነው። በአንድ ዘርፍ ላይ ያተኩራል፤ ብሉይ ኪዳን ሊሆን ይችላል፣ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ወይም አመራር ሊሆን ይችላል። የመስክ ልምምዱ ትንሽ ነው፣ አንዳንዴም ጭራሽ የለም።

ኤም ቲኤች፣ ማለትም ማስተር ኦፍ ቲኦሎጂ፣ የሚያደናግር ነው። አሜሪካ ውስጥ ከኤም ዲቭ በኋላ የሚጨመር የአንድ ዓመት ገደማ ትምህርት ነው። በአፍሪካ ብዙ ትምህርት ቤቶች ግን በነገረ መለኮት የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ሰው ቀጥሎ የሚገባበት ሁለተኛ ዲግሪ ነው። ስሙ አንድ ቢሆንም የመግቢያ መስፈርቱ ሁለት ነው። ስሙን ብቻ አይታችሁ አታወዳድሩ።

ዶክተር ኦፍ ሚኒስትሪ ደግሞ በአገልግሎት ለቆየ ሰው የሚሰጥ የተግባር ዶክትሬት ነው። በተለምዶ ኤም ዲቭ ወይም አቻው፣ ከዚያም የዓመታት የአገልግሎት ልምድ ይጠይቃል። ሁለተኛ ዲግሪ ሳይኖራችሁ ይህን እንስጣችሁ የሚል ካጋጠማችሁ ተጠንቀቁ።

ከዚህ አንድ ተግባራዊ ነገር ይወጣል። በነገረ መለኮት የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ሰው ኤም ዲቭ ቢገባ ብዙ የሚያውቀውን ይደግማል። ወይ ኤም ኤ ወይም ኤም ቲኤች ይምረጥ፣ ወይ ደግሞ «ከተማርኩት ስንት ክሬዲት ትይዙልኛላችሁ?» ብሎ በጽሑፍ ይጠይቅ። በሌላ ሙያ የተመረቀ ሰው ግን ኤም ዲቭ ይሻለዋል። መሠረቱን ከታች ጀምሮ ይሰጠዋል።

በምን እንመዝን?

የመጀመሪያው መመዘኛ ሥራው ነው። ተመርቃችሁ የምትሠሩት ምንድን ነው? ወንበር ዘርግቶ ማስተማር፣ ደብር ማስተዳደር፣ ኑዛዜ መስማትና ማጽናናት፣ ኮሌጅ ማስተማር፣ ብራና ማጥናት ሁሉም የተለያየ ትምህርት ይፈልጋሉ።

ሁለተኛው ዕውቅና ነው። በአገራችን የሃይማኖት ትምህርት ተቋማት ከሌሎች የግል ኮሌጆች በተለየ መንገድ ሲታዩ ቆይተዋል። ስለዚህ «ዕውቅና አለው?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም። «ማን ነው የሚያውቀው? ለምን?» በሉ። ለሀገረ ስብከት ምደባ የሚያገለግል ወረቀት ለመንግሥት ቅጥር ላያገለግል ይችላል። ከውጭ አገር ለሚመጣ ዲግሪ ደግሞ የአቻ ግምት የሚሠራው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። እዚያ ሳትጠይቁ ገንዘብ አትክፈሉ።

ሦስተኛው ይዘቱ ነው። የኮርሶቹን ዝርዝር አስልኩ። ወረቀት ላይ አሳትሙትና እስክሪብቶ ያዙ። በመጽሐፍ ቅዱስ ንባብ ላይ ስንት ኮርስ አለ? በግእዝ፣ በዕብራይስጥ፣ በግሪክስ? የእረኝነት ምክር አንድ ኮርስ ነው ወይስ ሦስት? የመስክ ልምምዱ በሰዓት ተጽፏል ወይስ «እንደሁኔታው» ተብሏል? ይህን ለሁለት ለሦስት ትምህርት ቤቶች ጎን ለጎን ብታደርጉት ብሮሹር የማይነግራችሁን ታያላችሁ። አንዱ አመራርና አስተዳደር ነው፣ በነገረ መለኮት ስም። ሌላው ታሪክ ነው። ሦስተኛው በእርግጥ አገልጋይ ያወጣል።

አራተኛው ጠቅላላ ወጪው ነው። የትምህርት ክፍያ ብዙ ጊዜ ትንሹ ወጪ ነው። ከጎንደር አዲስ አበባ በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መንገዱ አስተማማኝ ባልሆነባቸው ጊዜያት ሰው በአዘዞ በኩል በአውሮፕላን ነው የሚሄደው። የቤት ኪራይ፣ ቀለብ፣ ለቤተሰብ የሚላከው፣ የምትተዉት ደመወዝ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ወጪ ሁሉ ይደመር።

የመጨረሻው፣ በሁሉም ዘንድ የሚረሳው፣ አሁን የያዛችሁት አገልግሎት ነው። ትምህርቱ አገልግሎታችሁን ያስቀጥላል ወይስ ያቋርጣል? ካቋረጠ ስትመለሱ ቦታችሁ አለ?

ጉባኤ ቤቱ

ጉባኤ ቤቱ ዲግሪ አይሰጥም። ግን ከጎንደር ተነስቶ የሚወዳደር ሰው ይህን መንገድ ከሚዛን ቢያወጣው ስህተት ነው፤ ለዚህ ነው ብዙ የምቆይበት።

በትርጓሜ፣ ማለትም ቅዱሳት መጻሕፍትን በቃል በማብራራት፣ በኩል ጎንደር ስም ያላት ከተማ ናት። የላይ ቤትና የታች ቤት የሚባሉት ሁለቱ የትርጓሜ ወገኖች እዚሁ የጎለበቱ ናቸው። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያስተማሩት መምህር ኤስድሮስ ከታች ቤቱ ትርጓሜ ጋር ስማቸው ይነሳል። ትርጓሜ የሚሰጥበት መጽሐፍ ቤት አራት ክፍል አለው፦ ብሉይ፣ ሐዲስ፣ ሊቃውንትና መነኮሳት። አንዱን ብቻ ለመጨረስ ዓመታት ይፈልጋል። አቋቋም፣ ማለትም በከበሮና በጸናጽል የሚቀርበውን ዜማ፣ የሚፈልግ በአታ ለማርያም ይሄዳል፤ የአቋቋም ምስክር የሚገኝበት ቦታ ነው። ለድጓ (ለቅዱስ ያሬድ የዜማ መጽሐፍ) ጋይንት ወደምትገኘው ቤተልሔም፣ ለዝማሬና መዋሥዕት (ለቁርባንና ለፍትሐት ዜማ) ወደ ዙር አባ ይወጣል። በዘመናዊው አነጋገር እያንዳንዱ ልዩ ሙያ የሚያስመሰክር ነው።

አንድ የትርጓሜ ተማሪ የሚያልፍበትን ተመልከቱ። መምህሩ የግእዙን ዘር (ዋናውን ንባብ) ያነባሉ። ከዚያ በአማርኛ ይፈቱታል። «አንድም» ብለው ሌላ ምስጢር ያመጣሉ፣ ደግመው «አንድም» ይላሉ። ተማሪው ያንን ሁሉ በቃሉ ይዞ ማታ ከባልንጀሮቹ ጋር ይከልሳል። ነገ ተጠይቆ ካልመለሰ አያልፍም። ይህ ተማሪ ኮሌጅ ሲገባ «የብሉይ ኪዳን መግቢያ» የሚል ኮርስ ላይ ከማያውቅ ሰው ጋር አብሮ ይቀመጣል። ሬጅስትራሩ ለጉባኤ ቤቱ ዓመታት አንድ ክሬዲት አይቆጥርለትም። ምስክር ወረቀቱ ላይ የመምህሩ ቃልና ማኅተም አለ፤ ትራንስክሪፕት ግን የለም። ይህ ያሳዝናል፣ ግን እውነታው ነው።

የጉባኤ ቤቱ ድካም የት ላይ ነው? ከሌላው ዓለም ጋር የሚያነጋግር የጥናት ዘዴ፣ የተጻፈ ምርምር፣ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት፣ የምክር አገልግሎት ሥልጠና አይሰጥም። ወጪው ትንሽ ነው፣ ጊዜው ግን ረጅም ነው። መምህር መሆን ለሚሻ ምትክ የለውም። ደመወዝና ምደባ ለሚያስብ ብቻውን አይበቃም።

የእኔ ምክር፣ ትርጓሜ የጀመረ ሰው አቋርጦ ዲግሪ አይሩጥ። ቢያንስ አንዱን ጉባኤ ጨርሶ ያስመስክር። ግማሽ ጉባኤ ይዞ የሄደ ብዙ ጊዜ ሁለት ያጣ ጎመን ይሆናል። ጉባኤው ያመለጠውን ኮሌጁ አይሞላለትም።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ኮሌጆች

ግንባር ቀደሙ አዲስ አበባ አራት ኪሎ ያለው ቅድስት ሥላሴ ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ተመሥርቶ፣ በኋላ የዩኒቨርሲቲው አካል ሆኖ፣ በደርግ ጊዜ ተዘግቶ፣ ከደርግ ውድቀት በኋላ ዳግም የተከፈተ ነው። አሁን ወደ ዩኒቨርሲቲነት አድጓል። ሌላው የአዲስ አበባ አማራጭ ቅዱስ ጳውሎስ መንፈሳዊ ኮሌጅ ነው። ወደ እነዚህ የሚያመለክት ሰው የየዓመቱን ማስታወቂያ በጥንቃቄ ያንብብ። የትኛው ዘርፍ በድኅረ ምረቃ እንደተከፈተ፣ በመደበኛ ነው ወይስ በማታ የሚለውን ይለይ።

ጥንካሬያቸው ግልጽ ነው። ዶግማው የራሳችን ነው። ግእዙ አለ። መምህራኑ ጉባኤ ቤቱንም ዘመናዊውንም ያውቃሉ። የሀገረ ስብከት ምደባ የሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ አያገኝም። የአብነት ተማሪ ከሁሉም ያነሰ የሚደነግጥበት ቦታ ይህ ነው።

ልትመረምሩት የሚገባው የመስክ ልምምዱንና የምክር ትምህርቱን ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ጎንደርና አካባቢው በጦርነት፣ በመፈናቀልና በሐዘን ያለፈ ሕዝብ አለበት። የንስሐ አባት ቤት የሚመጣው ሰው ብዙ ጊዜ ዶግማ አይጠይቅም። ልጇ እንቅልፍ ያጣባት እናት ትመጣለች። ጠበል እየወሰደችው ነው፣ ጎረቤት ደግሞ ሆስፒታል ይሂድ ብሏታል። «የቱን ልያዝ?» ትላለች። የንስሐ አባቷ የሚሉት አንድ ቃል ልጁን ሊያድነው ወይም ሊጎዳው ይችላል። ጠበሉንም ሐኪሙንም አብረው እንዲይዙ የሚመክር፣ የሕመሙን ምልክት የሚያውቅ፣ መቼ ወደ ባለሙያ መላክ እንዳለበት የሚለይ ካህን ያስፈልገናል። ስለዚህ በደብር ለሚያገለግል ሰው የኮርስ ዝርዝሩ ላይ ከምንም በላይ የምፈልገው የእረኝነት ምክር ነው። ዶግማውን ከጉባኤ ቤት ያገኘ ካህን ሁለተኛ ዲግሪውን ሁሉ በዶግማ ላይ ቢያውለው የጎደለው እንደጎደለ ይቀራል።

የወንጌላውያን ሴሚናሪዎች

መካነ ኢየሱስ ሴሚናሪ አዲስ አበባ መካኒሳ ይገኛል። ረጅም ዕድሜ ያለው ሲሆን የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ አገልጋዮች ዋና ማሠልጠኛ ነው። የኢትዮጵያ ድኅረ ምረቃ የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ደግሞ፣ ስሙ እንደሚለው፣ በድኅረ ምረቃ ላይ ያተኮረ ነው። ከተለያዩ አብያተ ክርስቲያናት የመጡ ተማሪዎችን በእንግሊዝኛ ያስተምራል። ቢሾፍቱ ላይ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ያቋቋመችው ሴሚናሪ አለ።

በእነዚህ ቤቶች የስብከት፣ የምክር፣ የአመራርና የጥናት ዘዴ ትምህርት በደንብ ተደራጅቶ ይገኛል። እንግሊዝኛችሁ ደካማ ከሆነ ግን የመጀመሪያው ሴሚስተር ያስለቅሳል። ለመጋቢዎች ሌላው ጥያቄ የላኪው ማኅበረ ምእመናን ወይም ሲኖዶስ ድጋፍ ነው። ድጋፍ ያለው ተማሪ በክፍያውም በምደባውም ሌላ ዓይነት ተማሪ ነው።

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ

ይህ በቀጥታ የክህነት ትምህርት አይደለም። ግን ለአንዳንዱ ሰው ትክክለኛው መልስ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፊሎሎጂ ትምህርት በሁለተኛና በሦስተኛ ዲግሪ ይሰጣል። ብራና ማንበብ፣ ቅጂዎችን ማመሳከር፣ ማረምና መተርጎም ይማሩበታል። ግእዝ ያለው የጎንደር ልጅ እዚያ ሲገባ ከማንም ቀድሞ ነው የሚቆመው።

ጎንደር ላይ ምን ያህል ሀብት እንዳለ አስቡ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ በ1760ዎቹ ጎንደር ተቀምጦ መጽሐፈ ሄኖክን በግእዝ ይዞ አውሮፓ የገባው ከዚህ አካባቢ ነው። ሄኖክ ሙሉ ሆኖ የተረፈው በግእዝ ብቻ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት መቅደላ ያሰባሰቧቸው መጻሕፍት ከ1860 ዓ.ም. የመቅደላ ጦርነት በኋላ ወደ እንግሊዝ ተወስደዋል። 350 ገደማ የሚሆኑት ዛሬ ብሪቲሽ ላይብረሪ ናቸው። በማይክሮፊልም የተነሱ የኢትዮጵያ ብራናዎች ደግሞ አሜሪካ ሚኔሶታ ባለው የሂል የብራና ሙዚየምና ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ፤ ብዙዎቹን በነፃ ተመዝግቦ በኢንተርኔት ማየት ይቻላል። የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

ሌላው መንገድ ሶሻል ወርክ ወይም ሥነ ልቦና ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በየዓመቱ የሚያወጣውን የድኅረ ምረቃ ማስታወቂያ ተከታተሉ። ከቤት ሳይወጡ፣ አገልግሎት ሳያቋርጡ የሚማሩት ትምህርት ከተገኘ፣ ለደብር ካህን ከሩቅ ኮሌጅ ዲግሪ ሊበልጥበት ይችላል። ለመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ድኅረ ምረቃ አገር አቀፍ የመግቢያ ፈተና እንዳለ አትርሱ። ሂሳብና እንግሊዝኛ ለረጅም ጊዜ የተወ ሰው ቀድሞ ይዘጋጅ።

ውጭ አገር

ኦርቶዶክሳውያን ብዙ ጊዜ የሚያነሷቸው ሁለት ቤቶች አሉ። አንዱ ኒው ዮርክ አጠገብ ያለው ቅዱስ ቭላዲሚር ሴሚናሪ ነው። ሌላው ማሳቹሴትስ ብሩክላይን ያለው የግሪክ ኦርቶዶክስ ሆሊ ክሮስ ነው። ሁለቱም ኤም ዲቭ ይሰጣሉ። የቀድሞው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ቅዱስ ቭላዲሚር ተምረው በኋላ ፕሪንስተን የነገረ መለኮት ሴሚናሪ ዶክትሬታቸውን ሠርተዋል።

ቤቶቹ ግን የኬልቄዶንን ጉባኤ የሚቀበሉ መሆናቸውን አውቃችሁ ግቡ። በ451 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆች የተደረገው ጉባኤ በክፍል ውስጥ ይነሳል። ኬልቄዶንን የሚቀበሉትና እንደ እኛ የማይቀበሉት ሁለቱ የኦርቶዶክስ ቤተሰቦች በ1989 እና በ1990፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ ያወጡትን የጋራ መግለጫ አንብባችሁ ሂዱ። ቅብዐትና ጸጋ የተባሉት ወገኖች ስለ ክርስቶስ የተከራከሩባት የጎንደር ልጅ በዚህ ጉዳይ ላይ ባዶ እጁን መሄድ የለበትም። በሌሎች የምዕራብ ትምህርት ቤቶች ደግሞ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪካዊና ሂሳዊ ጥናት ይጠብቃችኋል። የኦሪት መጻሕፍት ከብዙ ምንጭ ተሰብስበዋል የሚለውን አስተያየት ለመጀመሪያ ጊዜ ፈተና ላይ መስማት ጥሩ አይደለም።

ወጪው ከባድ ነው። ያለ ስኮላርሺፕ በዓመት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። ለአሜሪካ የተማሪ ቪዛ አይ-20 የተባለው ቅጽና ቢያንስ የመጀመሪያውን ዓመት የሚሸፍን ገንዘብ ማሳያ ይጠየቃል። «የትምህርት ክፍያው ተችሏል» ማለት ኑሮው ተችሏል ማለት አይደለም። ደብዳቤው ላይ መኖሪያ፣ ምግብና ኢንሹራንስ ተጽፎ እንደሆነ እዩ። ለወንጌላውያን ደግሞ ናይሮቢ ያለው አፍሪካ ኢንተርናሽናል ዩኒቨርሲቲ ቅርብ ነው። በ1983 እንደ ፈረንጆች የነገረ መለኮት ድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት ሆኖ የተጀመረ ነው።

በኦንላይን

ዕውቅና ያላቸው ትምህርት ቤቶች ኤም ዲቭን ጭምር በኦንላይን ይሰጣሉ። ለባለትዳርና ለደብር አገልጋይ ይህ ትልቅ ዕድል ነው። ችግሩ መስመሩ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። ስለዚህ ከመመዝገብ በፊት ይህን ጠይቁ፦ «ኢንተርኔት ቢጠፋ ሴሚስተሩን ማቆየት ይቻላል? ትምህርቱን አውርጄ ማንበብ እችላለሁ?» መልሱ በኢሜይል ተጽፎ ይያዝ።

አሁን ስለ ሐሰተኛዎቹ። የሕይወት ልምዳችሁን ቆጥሮ ዲግሪ የሚሰጥ፣ በአንድ ጊዜ ሙሉ ክፍያ የሚጠይቅ፣ የመምህራኑን ስም የማይገልጽ፣ በክፍያ የክብር ዶክትሬት የሚያድል ቤት ትምህርት ቤት አይደለም። አሜሪካዊ ነኝ ካለ በነገረ መለኮት ትምህርት ቤቶች ማኅበሩ ድረ ገጽ ላይ ስሙን ፈልጉ። ዝርዝሩ ለሁሉም ክፍት ነው። ከምእመናን በተሰበሰበ ገንዘብ ባዶ ማዕረግ የሚገዛ አገልጋይ የሚጎዳው ራሱን ብቻ አይደለም።

በአጭሩ ሲታይ

| መንገድ | ለማን ይስማማል | ጊዜ | ወጪ | ልትጠይቁት የሚገባ |
|---|---|---|---|---|
| ጉባኤ ቤት | መምህር፣ መሪጌታ፣ ሊቅ መሆን ለሚሻ | ረጅም | ትንሽ | ከምስክር በኋላ ምደባ አለ? |
| የኦርቶዶክስ ኮሌጅ | ለሀገረ ስብከት አገልግሎት፣ ለስብከተ ወንጌል | መካከለኛ | መካከለኛ፤ የአዲስ አበባ ኑሮ ይከብዳል | የምክርና የመስክ ልምምድ ኮርስ ስንት ነው? |
| የወንጌላውያን ሴሚናሪ | ለመጋቢ፣ ለአሠልጣኝ | መካከለኛ | መካከለኛ፤ የላኪ ድጋፍ ይለውጠዋል | በምን ቋንቋ? ማን ይልከኛል? |
| የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ | ለተመራማሪ፣ ለመምህር፣ ለአማካሪ | መካከለኛ | ከተማው ይወስነዋል | የመግቢያ ፈተናው መቼ ነው? |
| ውጭ አገር | እንግሊዝኛ ላለው፣ ቤተሰብ ለማይከለክለው | ኤም ዲቭ 3 ዓመት ገደማ | በጣም ከፍተኛ | ስኮላርሺፑ ኑሮን ይሸፍናል? |
| ኦንላይን | አገልግሎት ለማያቋርጥ | የተለያየ | የተለያየ | ማን ዕውቅና ሰጠው? |

የትኛው ለእናንተ?

ባለትዳር የደብር ካህን ከሆናችሁና ደመወዛችሁ ለወሩ እንኳ የማይበቃ ከሆነ፣ ቤተሰብ በትኖ አዲስ አበባ መውረድን የመጨረሻ አድርጉት። ጎንደር ላይ የሚገኝ የማታ ወይም የቅዳሜና እሑድ ትምህርት፣ ወይም ዕውቅና ያለው ኦንላይን ፈልጉ። ዘርፉ ምክርና እንክብካቤ ቢሆን እመርጣለሁ።

ወጣት፣ ያላገባችሁ፣ ትርጓሜ የጀመራችሁ ከሆነ መጀመሪያ አስመስክሩ። ከዚያ ቅድስት ሥላሴ ወይም ፊሎሎጂ። ሁለቱንም የያዘ ሰው ቤተ ክርስቲያኒቱም ዩኒቨርሲቲውም የሚፈልጉት ነው። እንዲህ ያለ ሰው በቂ የለንም።

ኮሌጅ ማስተማር ለምትፈልጉ የዕውቅናው ጥያቄ ከሁሉም ይቀድማል። ዶክትሬት የምታስቡ ከሆነ የመመረቂያ ጽሑፍ የሌለበትን ማስተርስ አትያዙ። ብዙ ዶክትሬት ፕሮግራሞች ጽሑፉን ማየት ይፈልጋሉ።

ለመጋቢዎች፣ ላኪ ካላችሁ ከላኪያችሁ ጋር ተመካከሩና ሴሚናሪውን ምረጡ። ላኪ ከሌላችሁ፣ በግል ከፍላችሁ ስትመረቁ የት እንደምታገለግሉ አስቀድማችሁ እወቁ።

የሰንበት ትምህርት ቤት መምህርት ሆና የምታገለግል እህት ብዙ ጊዜ በዚህ ምርጫ ላይ ትረሳለች። በአስተማሪነት፣ በምክር ወይም በብራና ጥናት የሚያበቃትን ዘርፍ ታስብ። ሬጅስትራሩ ሴቶችን በየትኛው ፕሮግራም እንደሚቀበል በግልጽ ትጠይቅ።

ገንዘብ ብቻ የቸገራችሁ ሰዎች ደግሞ ዓመት ጠብቃችሁ ማመልከት አያሳፍርም። በዚያ ዓመት እንግሊዝኛችሁን አጠንክሩ፣ ትራንስክሪፕታችሁን አስወጡ። ከቀድሞ ኮሌጅ ይፋዊ ትራንስክሪፕት ማውጣት ከምታስቡት በላይ ጊዜ ይወስዳል።

ከማመልከት በፊት ሦስት ወረቀት በእጃችሁ ይኑር። አንዱ ሙሉ የኮርስ ዝርዝሩ ነው። ሁለተኛው ሙሉ ወጪው የተጻፈበት ደብዳቤ ነው። ሦስተኛው ከሀገረ ስብከታችሁ ወይም ከላኪ ማኅበራችሁ የሚገኝ የድጋፍ ደብዳቤ ነው። ይህኛው ላይ ተመርቃችሁ ስትመለሱ ቦታችሁ እንደሚጠበቅ በግልጽ መጻፉን አንብቡ። «እንተባበራለን» የሚል ብቻ ከሆነ መልሳችሁ ወስዳችሁ ቦታው፣ ጊዜውና ደመወዙ እንዲገባበት ጠይቁ።